በር ካልተንኳኳ ዕቃ አይሰጥም

ኩዌት፣ ፋርዋኒያ ውስጥ ጽጌረዳን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ስልክ የለውም። ቀን ቀን አንድ የሴቶች ሳሎን ውስጥ ቆማ ሹሩባ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ የክፍሏ ግድግዳ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ትሰቅልና ቲክቶክ ላይ ላይቭ ትገባለች። ቀሚሶቹ ከአገር ቤት በተጓዥ ሻንጣ ይመጡላታል። ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ ምላሷም ስለታም። «ይሄን ለብሰሽ ካላገባሽ ጥፋቱ የቀሚሱ አይደለም!» ትላለች፤ ሰው ይስቃል፣ ያዝዛል።

የመጣችው እንደ ብዙዎቹ ለቤት ሠራተኝነት ነበር። የሰው ወለል ወልውላ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ ኮንትራቷን ስትጨርስ ከፊሏን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ዋሷን፣ ቀይራ ሳሎን ገባች። የቀሚሱን ንግድ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሱቅ የላትም፣ በሯ ላይ የተሰቀለ ታፔላም የላትም። ያላት አንድ ነገር ስሟ ነው፤ እሱ ከጠፋ ቀሚሱን ራሷ ለብሳ መቀመጥ ነው።

ይህ ስም የሚነሳውም የሚወድቀውም አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ኩዌት ያሉ እህቶች ዕቃ የሚገዙበትና የሚሸጡበት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሚተማሙበት ግሩፕ ነው። አስተዳዳሪው ነጋ ይባላል፤ ራይ የሚባል ሰፈር መጋዘን የሚጠብቅ ሰውዬ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ድመት እንኳ አትሰማውም፤ ግሩፑ ውስጥ ግን ንጉሥ ነው። ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ይገሥጻል፣ ሲያሰኘውም ጥቅስ ይለጥፋል። ምስክር ሳይጠራ የሚፈርድ ዳኛ ማየት ያማረው ሰው እዚያ ይግባ።

ጽጌረዳን መጀመሪያ ያቃጠለቻት ማህቡላ የምትኖር ሳራ የምትባል የካፌ ሠራተኛ ናት። ነጭ ቀሚስ አዘዘችና «ቤቴ ሰው ይበዛል፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ይስጠኝ» አለች። ሹፌሩ አወል ነው፤ የወሎ ልጅ፣ የአንድ ኩዌታዊ ቤተሰብ ሹፌር፣ በትርፍ ጊዜው የጽጌረዳን ዕቃ የሚያደርስ። ቀሚሱን በመኪናው መስኮት አቀበላት። «እሺ የኔ ወንድም» ብላው ሄደች።

ቀሚሱ አርብ ዕለት ሠርግ ላይ ታየ። እስክስታ ሲወርድም ታየ። ቅዳሜ ሳራ ቪዲዮውን ከቲክቶክ አጠፋችና ቀሚሱን በፌስታል ጠቅልላ መለሰችው። ብብቱ በላብ ወይቧል፣ ጫፉ ላይ ወጥ ፈስሶበታል። «እንዲህ ሆኖ ነው የደረሰኝ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ይህ አልበቃ ብሏት ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጠፈችው።

ግሩፑ ምን ይጠብቃል? «ለካ ጽጌ የለበሰችውን ነው የምትሸጥልን!» አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ «እኔም ያኔ የገዛሁት ይሸት ነበር» ብላ መሰከረች፤ ይህቺ ሴት ከጽጌረዳ መሀረብ እንኳ ገዝታ አታውቅም። ጽጌረዳ ምን ትበል? ቀሚሱን ስታሽገው ያየ የለም፣ አወል ሲያስረክብም ያየ የለም። ወጥ የፈሰሰበትን ቀሚስ ታቅፋ ቀረች። በሚቀጥለው ላይቭ ስትገባ የሚያያት ሰው ከመመናመኑ የተነሳ ግድግዳውን የምታነጋግር መሰለች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ጽጌረዳ ከዚያ ወዲያ ቀሚስ መላክ ትታ ማስረጃ መላክ ጀመረች ማለት ይቻላል። እያንዳንዱን ቀሚስ ካሜራ ፊት ገልብጣ «ይኸው ብብቱ! አያችሁ አይደል ብብቱን?» እያለች ትቀርጻለች። መልሰው ሌላ ቀሚስ እንዳይልኩባት ከጠርዙ ሥር ቀይ ክር ትሰፋበታለች። ካርቶኑን ታሽግና ፕላስተሩ ላይ ፊርማዋን ታሳርፋለች፤ የከፈተው ሰው እንዲታወቅ። ከዚያ ወደ ባቃላው፣ ሕንፃው ሥር ወዳለው ሸቀጥ ሱቅ፣ ወርዳ፣ ሽንኩርት የሚያስመዝነውን ሰው ገፍታ፣ ካርቶኑን ሚዛን ላይ ታስቀምጥና ቁጥሩን ፎቶ ታነሳለች። የባቃላው ሕንድ መጀመሪያ ይጮህባት ነበር፤ ኋላ ሲሰለቸው ሚዛኑን ራሱ ይጠርግላት ጀመር። የገዢዋን ስም ካርቶኑ ላይ ሳሎን አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት በእንግሊዝኛ ትጽፍላታለች። ክርክር ቢነሳ፣ ፖሊስ ጣቢያ አማርኛ የሚያነብ አይገኝም ባይ ናት ጽጌረዳ።

አወልንም አላስቀመጠችውም።

«መንገድ ላይ መስጠት ቀረ። ለሕንፃ ጥበቃ መተውም ቀረ። በር ካልተንኳኳ ዕቃ አይሰጥም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብለህ ትጠራለህ፣ የተቀበለህን እጅ ከነበሩ ፎቶ ታነሳለህ» አለችው።

«ጽጌ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም እኮ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሆነሃል።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሠራላት። ላጭበርብር የምትል ገዢ ቪዲዮው ሲላክላት ጭጭ ትላለች። ሌሎች ሻጮችም ብብት መቅረጽ ጀመሩ። ስሟ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከስሙ ጋር ግን ያልነበረ ነገር ተከትሎ መጣ፦ ጽጌረዳ የሚገዛትን ሰው ሁሉ ገና ሳያዝዝ በሌብነት መጠርጠር ለመደች። ሳራ ላስተማረቻት ትምህርት ሌላው ሰው ሁሉ እንዲከፍልላት ፈለገች።

በዚህ መሀል ነው አምሳለ የመጣችው። አርዲያ ውስጥ አንድ ቪላ የምትኖር የቤት ሠራተኛ ናት። አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ መረጠች፣ ዋጋውን አስቀድማ በጓደኛዋ እጅ ላከች፣ ከዚያ በሹክሹክታ የድምፅ መልእክት ሰደደች። «እህቴ፣ ሹፌሩ ሲደርስ በሩን እንዳያንኳኳ። ይደውልልኝ፤ ቆሻሻ ልጥል ብዬ እወጣለሁ።»

«መጣች ደግሞ ሁለተኛዋ ሳራ!» አለች ጽጌረዳ፣ ለሳሎኑ ሁሉ እያሰማች። መልሷም አጭር ነበር፦ «የኔ እህት፣ የኔ ዕቃ በር ድረስ ነው የሚሄደው።»

«እሺ እህቴ፣ ግን...» ብላ አምሳለ ጀመረች፤ ከኋላዋ የሰው ድምፅ ተሰማና መልእክቱ ተቋረጠ። ከ«ግን» በኋላ ምን እንዳለ ጽጌረዳ አልጠየቀችም። ለምን ትጠይቃለች? ማስረጃ ያለው ሰው ጥያቄ አያስፈልገውም።

አወል እንደታዘዘው በሩን አንኳኳ። ነጭ ረጅም ዲሽዳሻ የለበሱ ሽማግሌ ከፈቱ። «ለአምሳለ!» አለ ጮክ ብሎ። ሽማግሌው ሴት ልጆቻቸው የሚያዝዙት ካርቶን በየቀኑ የሚመጣባቸው ሰው ነበሩ፤ «ዘይን፣ ዘይን» ብለው ተቀበሉና ዘጉ። ፎቶው ላይ በሩም፣ ካርቶኑም፣ የሽማግሌው እጅም ቁልጭ ብለው ወጡ። ጽጌረዳ አየችውና «ተባረክ» አለችው።

ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት አምሳለ ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ «እህቴ ጽጌ፣ ቀሚሱ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ረስተሽው እንዳይሆን።» ትሕትና የሞላበት መልእክት ነበር። የተጻፈው ግን ግሩፑ ላይ ነው። ሴቶቹ ገና አንብበው ሳይጨርሱ «ጽጌ ደገመችው!» ማለት ጀመሩ።

የጽጌረዳ ደም ፈላ። አንዷን ደንበኛ ግማሽ ራሷን ተሠርታ፣ ግማሹ እንደተንጨፈረረ ትታት ስልኳን አነሳች። የብብቱን ቪዲዮ ለጠፈች። የባቃላውን ሚዛን ለጠፈች። አወል ያነሳውን በር ለጠፈች። ከሥሩም ጻፈች፦ «አምሳለ የምትባለው ሌባ ናት። በሯ ድረስ ሄዶላት ተቀብላ ካደች። እህቶቼ፣ ስሟን ያዙት።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ግሩፑማ ሠርግ ሆነለት። ያኔ ቀሚሷ ይሸታል ያለችው ሴት «እኔ ፊቷን ሳየው ነው የጠረጠርኳት» ብላ ጻፈች፤ የአምሳለ ፕሮፋይል ላይ ያለው የአበባ ፎቶ ነው። ነጋ ስለ ስርቆት አንድ ጥቅስ ለጠፈና አምሳለን አስወጣት። መልስ እንድትሰጥ ጊዜ ስጧት ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጽጌረዳም ወደ ግማሹ ሹሩባ ተመለሰች፤ ለረጅም ጊዜ እንደዚያን ቀን ቀልሏት አያውቅም።

ደስ ያላለው አወል ብቻ ነበር።

«ጽጌ፣ የተቀበሉኝ ሽማግሌ ናቸው እኮ። ለማን ነው ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።»

«ቤቱ ያው ቤት ነው አይደል?»

«ነው።»

«በቃ!»

አምሳለ ግን ለብቻ መልእክት መላኳን አላቆመችም። መጀመሪያ «በማርያም፣ አልደረሰኝም» ስትል ቆየች። በመጨረሻ «ቀሚሱን ተይው እህቴ፤ የጻፍሽውን ብቻ አጥፊልኝ» አለች። ጽጌረዳ ይህን ሰምታ በድል ሳቀች። እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀሚሴን ይላል እንጂ ጽሑፉ ምን ይሠራለታል? እንግዲያው እጅ ከፍንጅ እይዛታለሁ ብላ፣ አርብ ዕለት አወልን አስነድታ ወደ አርዲያ ሄደች። ስልኳን ለመቅረጽ አዘጋጅታ በእጇ ይዛ ነበር።

በሩን የቤቱ እመቤት፣ ማዳሟ፣ ራሷ ከፈተች። የሽማግሌው ልጅ ናት፤ ፊቷ ደግ፣ አነጋገሯ የተረጋጋ። ጽጌረዳ በአረብኛ ለአምሳለ የተላከ ዕቃ ጉዳይ መሆኑን ነገረቻት።

«አምሳለ?» አለች ማዳሟ። «እዚህ ቤት አምሳለ የሚባል ሰው የለም።»

ጽጌረዳ ወደ አወል ዞራ በአማርኛ «ሰማህ? ስሟም ውሸት ነው!» አለችው።

«ቆይ፣ ካርቶን ነው?» አለች ማዳሟ። «አባቴ የማናውቀው ስም ያለበት ካርቶን ተቀብሎ ዲዋኒያው ውስጥ፣ ወንድ እንግዶቹ በሚቀመጡበት ክፍል፣ አስቀምጦታል። የጎረቤት መስሎን ባለቤቱ ይመጣል እያልን ስንጠብቅ ነበር።» ወደ ውስጥ ዞራ ተጣራች፦ «መርየም! ዲዋኒያው ውስጥ ያለውን ካርቶን አምጪው!»

አንዲት ቀጭን ሐበሻ ካርቶኑን ታቅፋ መጣች። ፕላስተሩ አልተነካም፣ ፊርማውም እንዳለ ነው። የቲክቶኳን ሴት በር ላይ ስታይ ቆመች። ካርቶኑን አየችው፣ ጽጌረዳን አየቻት፣ ያቀፈችው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባት።

ጽጌረዳ እየተርበተበተች «አምሳለ?» አለች።

«አቤት» አለች ሴቲቱ።

ጽጌረዳ መጀመሪያ የሠራችበት ቤት ትዝ አላት። እዚያ እሷንም ዘይነብ ይሏት ነበር። ልጆቹ ዘይነብ፣ እንግዳው ዘይነብ፣ ግቢውን የሚያጸዳው ሰውዬ ሳይቀር ዘይነብ። ከኩዌት ሰው ሁሉ ይህን ልታውቅ የሚገባት እሷ ነበረች። ሳሎን ገብታ፣ ላይቭ ላይ ስሟን ሲጠሯት እየሰማች፣ ረስታው ነበር። አፈረች፤ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«የእሷ ነው» አለች በአረብኛ። «አምሳለ እሷ ናት።»

ማዳሟ ሳቀች። ክፋት አልነበረበትም፤ በእርግጥ ገርሟት ነው። «መርየም፣ ስምሽ አምሳለ ነው እንዴ? ስንት ዓመት አብረን ኖረን! ያምራል» አለችና በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ አወል ራቅ ብሎ ቆሟል።

«የኔ እናት፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ጽጌረዳ።

«ልነግርሽ ስል የኔ ዕቃ በር ድረስ ነው የሚሄደው አልሽኝ። ሹፌሩ ቢያንኳኳ በስሜ ማንም እንደማያውቀኝ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ማዳም መጣችብኝ።»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ይቅርታ ብዬ እጽፋለሁ። ነጋ ዛሬውኑ መልሶ ያስገባሻል፤ እኔ ነኝ የምልሽ!»

አምሳለ ራሷን ነቀነቀች። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ያ ደግሞ ለጽጌረዳ ከስድብ የባሰ ሆነባት።

«ተይው እህቴ። እኔ እዚያ የምገባው ለቀሚስ ብዬ አልነበረም። እዚህ አገር አምሳለ ብሎ የሚጠራኝ እዚያ ያለ ሰው ብቻ ነበር። ሥራ ጨርሼ ስገባ አምሳለ እንዴት ዋልሽ ይሉኛል፤ እኔም ደህና እላለሁ። ከዚህ በኋላ አምሳለ ሲባል ማን ትዝ ይላቸዋል?»

 

«መርየም!» አለች ማዳሟ ከውስጥ።

«ነዓም ማዳም!» አለች አምሳለ፤ ካርቶኗን ታቅፋ ገባችና በሩን ዘጋች።