የመኪናዋ ሆድና የግቢው በር

ያልተቀባ መኪና «ተቀብቷል» ብዬ ፈርሜአለሁ።

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ የአንድ የቡና መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። መካኒካችን አባ ኑራ የኃላፊያችን መኪና ሆዷ በዝገት እያለቀ ነው ብለው ዓመት ሙሉ ሲለምኑ ቆይተው፣ በመጨረሻ አንድ ጣሳ የዝገት መከላከያ ቀለም መጣላቸው። ቀለሙ ቀይ ነበር። የአብዮት በዓል ደግሞ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«የመኪና ሆድ ማን ያየዋል፣ ጓዲት?» አሉኝ ኃላፊው። በቀለሙ የግቢው ብረት በር ላይ «ወደፊት እንጂ ወደኋላ የለም» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ለመኪናዋ ዋለ ብዬ ፈረምኩ።

ኃላፊው ከበዓሉ በኋላ ወደ አሰንዳቦ ከተማ ሲሄዱ የመኪናዋ ወለል ከእግራቸው ሥር ተገንጥሎ ወደቀ። አንድ ጫማቸውን መንገድ ላይ ጥለው ተመለሱ። ወዲያው ስብሰባ ተጠራና አባ ኑራ በአሻጥር ተከሰሱ።

«ቀለሙን የት አደረስከው?» አለ ሰብሳቢው።

አባ ኑራ በመስኮቱ በሩን አዩ፤ ቀጥሎ የስምንት ወር እርጉዝ ሆዴን አዩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«መኪናዋን ቀብቻታለሁ፤ ሳላዳርስ ቀርቼ ይሆናል» አሉ።

ሦስት ወር ታሰሩ። የተፈቱ ዕለት በሩ ጋ ቆመው ብረቱን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉትና፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ደህና ቀለም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሩ አልዛገም» አሉኝ።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። እናንተ ይቅር በሉኝ።