ከመስመሩ ጫፍ የወደቀው ለቅሶ

የዚያን ጠዋት ነገር ሳነሣ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በማን እንደምናደድ ግን አንዳንዴ ይጠፋኛል።

ወልድያ ላለ አንድ የሚኒባስ ማኅበር የተራ መያዣ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ኮምፒውተራቸው አሮጌ ስለሆነ ጌጣጌጥ አይችልም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ነው። ግርጌው ላይ አንዲት መስመር አለች። ወደ መርሳ ተረኛው ማን ነው፣ ስንት ሰው ተሳፈረ፣ ቀጥሎ ማን ይገባል፣ ይህን ታሳያለች። ለዚህች መስመር ነው ጨጓራዬ የተላጠው። የስምሪት ኃላፊው ጠዋት «ሰዓቱ ይቅደም» ይለኛል፤ ከሰዓት «ታርጋው ይቅደም»፤ በማግሥቱ ደግሞ «ያን ሰዓት ማን አምጣ አለህ?» ብሎ ይቆጣኛል።

ሲመረኝ ራሱ እንዲጽፋት አደረግሁ። የሚፈልገውን በቅንፍ ይጽፋል፤ [ተረኛ] ካለ ተረኛው ይወጣል፣ [ሰዓት] ካለ ሰዓቱ። የማይፈልገውን ይተዋል። ቦታ ካልበቃ መጨረሻ የተጻፈው ይወድቃል። «በል፣ እንደፈለግህ አድርጋት» አልኩት። እንዴት ኮርቼ ነበር!

ከቅንፎቹ አንዱ [ለቅሶ] ነበር። በእኛ መናኸሪያ ሾፌር ለቀብር ከሄደ ተራው አይነካም። ተራው በደብተር ይያዝ በነበረበት ዘመን ታርጋው በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል፤ ሲመለስ ከፊት የቆመው ቦታ ይለቅለታል፣ ማንም አያጉረመርምም። እኔ ብልጡ ይህን ከሰዓትና ከወንበር ቁጥር እኩል አደረግሁት፣ ቢፈልግ የሚጽፈው፣ ባይፈልግ የሚተወው። ዛሬ ማንም እንዳያወጣው ቆልፌዋለሁ፤ ያኔ ግን ኃላፊው መስመሯን በቀን፣ በሰዓት፣ በገዛ ማዕረጉ ሳይቀር ሞልቶ ለቅሶውን ጫፍ ላይ ወረወረው። ቦታ አልበቃም፤ ወደቀ።

በዚያው ሳምንት አንድ አዛውንት ሾፌር ግራና ወደምትባለው መንደራቸው ሄደው እናታቸውን ቀበሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ቤት ሙሉ ለቅሶ ደራሽ ትተው፣ መርሳ አንድ ጊዜ ደርሰው ለመመለስ መጡ። ስክሪኑ ለቀብር መሄዳቸውን ስላላሳየ ተራቸው ተዘልሎ ከሰልፉ ጭራ ወርደዋል። እስኪደርሳቸው ቀኑ ይመሻል። ከፊት የቆመውን ሾፌር ጠየቁት፤ ጎረቤታቸው ነው።

«እኔ ስክሪኑን ነው ያየሁት» አላቸው፤ ከመሪው ላይ እጁን እንኳ አላነሣም።

አዛውንቱ ቢሮ ሲገቡ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አባቴ፣ እኔ ምን ላርግዎ? እዚህ ላይ የለማ!» አለ ኃላፊው ስክሪኑን በጣቱ እየመታ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «እሱን ይጠይቁት፣ የሠራው እሱ ነው።»

«ማን አወጣው? አንተ አይደለህ?» ብዬ ጮህኩ። «ማዕረግህን ከፊት ደርድረህ ለቅሶውን ጫፍ የጣልከው ማነው?»

«እንደፈለግህ አድርጋት ያልከኝ ማነው?»

«የሰው ሐዘን ጣል አልኩህ?»

«ታዲያ የሚጣል አድርገህ ለምን ሠራኸው?»

ይበልጥ ጮህኩ። ስለ ቅንፍ፣ ስለ ስፋት፣ ስለ ማን ምን እንደጻፈ ጠረጴዛ እየደበደብን ተጨቃጨቅን። ሰውየው ሁለታችንንም ቆመው ሲሰሙ ቆዩ።

«ልጆቼ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ተራው ይቅር። እናቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ከገባሁ ጀምሮ አላህ ያጥናዎት ያለኝ የለም።»

ኃላፊው አፉን ከፈተ። እኔም ከፈትኩ። ሰውየው ግን ወጥተው ነበር፤ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ባዶ መኪናቸውን ወደ ግራና አዙረዋል።