ጀርባው ላይ ነጥብ ያለው ቅጠል

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሰመራ አንድ አዲስ ካፌ ገባሁ። ግድግዳው ሙሉ የፕላስቲክ ቅጠል ነው። አንዱን ያዝኩና ገለበጥኩት። አስተናጋጇ «አባባ፣ የውሸት እኮ ነው፣ አይጎትቱት» አለችኝ። የውሸት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጀርባውን ልይ ብዬ ነው። ልሙጥ ነበር። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ነው፣ ፕላስቲኩ የሚያስመስለውን የእውነተኛውን ቅጠል የመጽሐፍ ስም አላውቅም። ግን ከሳር ከቅጠሉ ጋር ቢደባለቅ ለይቼ አወጣዋለሁ። ያስተማረችኝ ሚስቴ ናት።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ አዋሽ ከተማ መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ። እሷን ከወሎ ደጋ፣ ጫካ ሥር ካለ መንደር አገባኋት። በጭነት መኪና ስትመጣ ጭኗ ላይ አንድ የቲማቲም ጣሳ አቅፋ ነበር። ቅጠሉ ከነአፈሩ እዚያ ውስጥ ነው፣ በእርጥብ ሻሽ ሸፍናዋለች። ሻሹን ስታነሳው የዝናብና የጫካ ሽታ ወጣ። አስፋልቱ እኮ ያን ቀን በሙቀት ቀልጦ ጫማ ይይዛል።

አበባ የለውም፣ ፍሬም የለውም። አገዳው ጥቁር ነው፣ እንደ ሽቦ የቀጠነ። ቅጠሉ ግራና ቀኝ እንደ ላባ ተሰነጣጥቆ ወደ ጫፉ እያነሰ ይሄዳል። አዲሱ ሲወጣ እንደ ሕፃን ጡጫ ተጠቅልሎ ነው፤ ቀስ እያለ ይፈታል። የሚመስለው ሌላ አለ። «ፊቱን አይተህ አትመን፣ ገልብጠው» ትለኝ ነበር። ጀርባው ላይ ያሉት ነጥቦች ጠርዝ ጠርዙን ከያዙ ያኛው ነው። ከመሐል ጅማቱ ወዲህና ወዲያ እንደ ስፌት ከተደረደሩ እሱ ነው። ዘሩ እነሱ ናቸው፤ ቡናማ ሲሆኑ ደረሱ ማለት ነው።

ሙቀቱ አልተስማማትም። እርጥብ ጨርቅ አናቷ ላይ ጥላ ከጥላ ስትከተል ትውላለች። አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችኝ።

«ይሄ እዚህ ከወለደ እኔም እለምዳለሁ። ከሞተ ግን ሳትቆጣ ለአባቴ መልሰኝ።»

እሺ አልኳት። እኔ ደግሞ ካልኩ አልኩ ነው።

ከእንስራው ጀርባ፣ ውሃው ከሚያልብበት ጥግ አስቀመጠችው። ኖረ። ከዝናቡ በኋላ ነጥቦቹ ቡናማ ሆኑ። ገልብጣ አሳየችኝና ሳቀች። እዚያ ቤት ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ሊጠይቀን መጣ። ወንዙን ተከትሎ ታች ያለ የጥጥ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጪ ነበር፤ መርጫውን ይዞ ነው የሚዞረው። እኔ ሥራ ላይ፣ እሷ ገበያ ነን፤ ጎረቤት ከፍቶ አስገባው። ስንመለስ ቤቱ በመድኃኒት ሽታ ታፍኗል፣ እሱ መርጫውን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ ቅጠልሽን ተባይ ወርሮት ደረስኩ» አላት። «ጀርባው ላይ ተደርድሮልሻል። ሳላቀጥን ነው የሰጠሁት፣ አንድም አላስተረፍኩ።»

ዕድሜውን ጥጥ ላይ የጨረሰ ሰው ቅጠል ላይ ቡናማ ነጥብ ሲያይ ሌላ ነገር አይታየውም።

ጣሳውን አየችው። «አላህ ይስጥልን፣ ጋሼ» አለችውና ምሳ አቀረበችለት። አጎረሰችውም። እስኪሄድ ጠብቃ ቅጠሉን አንድ በአንድ በውሃ አጠበችው። እኔ እንስራውን ያዝኩላት። አልሆነም፤ ጠቆረና ተኮማተረ።

«አገር ቤት ሄጄ ሌላ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«እሱ እኮ ሌላ ነው» አለችኝ።

ለወንድሜ ምክንያቱን እንዳልነግረው አስማለችኝ። ወላሂ ብዬ ማልኩላት፣ አውቶቡስ ላይም ራሴ አሳፈርኳት።

ወንድሜ የሞተው እዚህ ሰመራ፣ እኔ ቤት ነው። ታሞ ተኝቶ ሳለ አንድ ከሰዓት «ሚስትህ ክፉ አልነበረችም፣ ቆላው ነው የነጠቀህ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ያን ቅጠሏንስ ይዛው ሄደች?» ሲል ጠየቀኝ።

«ይዛው ሄደች» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ። እሱን እንኳ አዳንኩላት።»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩና ትራሱን አቃናሁለት።