ከኮት ስር የወጣው ሰደርያ

ጅቡቲ ውስጥ ቶፖሎጂ የሚባለውን የሒሳብ ዘርፍ ላስተምር ብዬ ስነሳ ያልሳቀብኝ አልነበረም። የአገሬ ልጆች የከባድ መኪና ሾፌሮች እንኳ፣ «እሱ ደግሞ ጉምሩክ ያሳልፋል እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ለዓመታት በዩኒቨርሲቲው የአንደኛ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ፣ በመጨረሻ በቶፖሎጂ ዶክትሬቴን ያዝኩና ለማስተርስ ተማሪዎች ኮርሱ ይከፈት ብዬ አመለከትኩ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ጠራኝ። እምቢ ካሉ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ትምህርት ከእኔው ጋር ሊቀበር ነው።

የዚያን ቀን ሙቀት አይጣል ነው! ካርቲየ 3 ከሚባለው ሰፈሬ ተነስቼ የከተማዋ ምኒልክ አደባባይ ሳልደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ባለቤቴ ደግሞ፣ «ያለ ሰደርያ ኮት መልበስ ለማኝ ያስመስልሃል» ብላ ሰደርያ ደርባብኛለች። እግዜር ይስጣት!

ሰብሳቢው ማመልከቻዬን በሁለት ጣቱ አነሳና በፈረንሳይኛ፣ «ሙስዮ፣ እኛ ያለን ወደብ ነው። መሐንዲስ እንፈልጋለን። ቅርጽ መለጠጥና ማጣመም ለማን ይበጃል?» አለኝ። ሌሎቹ ሁለቱ አጎንብሰው ሳቁ።

ደሜ ፈላ። ስዘጋጅበት የሰነበትኩት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። ብድግ ብዬ፣

«ኮቴን ሳላወልቅ ሰደርያዬን ባወልቅስ?» አልኩ።

«እሱማ የማይሆን ነገር ነው» አለ ሰብሳቢው።

የሁለቱንም ቁልፎች ፈታሁ። የሰደርያውን የግራ ክንድ ቀዳዳ ከኮቱ ስር ጎትቼ ግራ እጄን ከነኮቱ አሾለክሁበት፤ በጀርባዬ አዙሬ በቀኝ እጄም ላይ አሳለፍኩት። አሁን ሰደርያው በቀኝ ትከሻዬ ብቻ ተንጠልጥሏል። በቀኝ እጅጌዬ ውስጥ ወደ ታች ስቤ መዥረጥ! ኮቱ ትከሻዬ ላይ፣ ሰደርያው እጄ ላይ።

«ድግምት ነው!» አለ አንደኛው።

«የምን ድግምት! ኮቱና ሰደርያው ድሮም አልተያያዙም፤ የተያያዙ መሰሉን እንጂ። ቶፖሎጂ ማለት ይህን ለይቶ ማወቅ ነው።»

ሰብሳቢው ተነሳ፣ ላብ የጠጣውን ሰደርያ ከእጄ ተቀበለና ከራሱ ኮት ስር ለበሰው። ከዚያ ኮቱን ሳያወልቅ ሊያወጣው ሲታገል ምኑን ልንገራችሁ! አንድ ክርኑ ጆሮው ጋ ደርሶ ተሰነገ፤ ባልደረቦቹ በሳቅ ፈረሱ። ላግዘው ጠጋ አልኩ።

«አይንገሩኝ!» ብሎ ጮኸ። «ራሴ ልድረስበት!»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር ስባል እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም። ሃያ ደቂቃ ያህል ታገለ፤ እርዳታ ግን አልተቀበለም። በመጨረሻ ማመልከቻዬን ወደ ራሱ ሳበና፣ ቀኝ እጁ እንደተቀረቀረ፣ በግራው ፈረመልኝ።