የጋሼ ጠመንጃ
ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አድሊስቪል በምትባል ከተማ ሲኖሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር ወጥተው ወደ ሰማይ የሚወረወር ሸክላ በአደን ጠመንጃ ይመቱ ነበር። እኔም ከጄኔቭ በባቡር እየሄድኩ አብሬያቸው እወጣለሁ። ታዲያ ጠመንጃውን ከፍተው ጥይት አለመኖሩን ካዩ በኋላ ለእኔ ያቀብሉኛል።

«አንተም እየው።»

«ጋሼ፣ አሁን አይተውት የለም እንዴ?»

«ያየሁትማ እኔ ነኝ፤ አንተ መች አየህ!»

ስንቀብራቸው እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ከዚያ ጠመንጃውን ሊገዛ አንድ ያገራችን ጎልማሳ መጣ። ባዶ ነው ብዬ ከፍቼ ሰጠሁት፤ እሱ ሳያይ ዘጋው።

«ባዶ ነው ብለውኛል እኮ አባባ» አለኝ።

«ይቅር ልጄ፣ አልሸጠውም» ብዬ መልሼ ተቀበልኩት።

ሲሄድ ከፍቼ አየሁት፤ ባዶ ነው። እንደ ጋሼም ወደ ጎኔ ዘረጋሁት። እጄ እስኪዝል የሚቀበለኝ አላገኘሁም።