አራስ ቤት የገባው ጋዝ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር የባዮጋዝ ጉድጓድ ያለው ሰው ሁሉ ባዬን ያውቀዋል፤ የሚያውቀውም በፈሪነቱ ነው። ወንድ ልጅ በድፍረቱ በሚወደስበት አገር ፍርሃትን ሥራ አድርጎ መኖር ቀላል አይደለም። ሌላው የጋዝ ቧንቧ ጠጋኝ ክብሪት ጭሮ የቧንቧውን መጋጠሚያ ይዞርበትና ነበልባል ብልጭ ሲል የሚያፈስበትን አገኘሁ ይላል። ባዬ ግን የእንዶድ አረፋ ይቀባና የሚነፋበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ጋዙን የምትለካውን ትንሿን መሣሪያ ያስጠጋል። ሳይነድ የሚያመልጠው ጋዝ ቤት ከማቃጠሉም በላይ አየሩን ይጎዳል እያለ ያስረዳል፤ ገበሬው ደግሞ ከእበት የወጣ ነገር ምን ሊያደርገን ነው ብሎ ይስቅበታል። ሲፈነዳ ላላየ ሰው መሳቅ ምን ይከብደዋል?

ባለፈው ጥቅምት ልጁ ያምሮት ቡሬ ገጠር ውስጥ ወንድ ልጅ ተገላገለችና ቅቤ ይዞ ሊጠይቃት ሄደ። መለኪያዋ እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ ነበረች። በጓሮ በኩል ወደ ማድ ቤቱ ሲጠጋ ጋዝ አግኝታ መጮህ ጀመረች። የምድጃው ቧንቧ ከላላ ሰንብቷል፤ ንብ አርቢው አማቹ፣ የያምሮት ባል ወንዳወቅ፣ መጋጠሚያውን በሰም ደፍኖት ኖሯል። ሰሙ በምድጃው ሙቀት ቀልጦ ወርዷል።

ባዬ ሮጦ ዋናውን መዝጊያ ዘጋ። ግን ማድ ቤቱና አራሷ የተኛችበት ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ መካከላቸው ያለው ግድግዳ እስከ ላይ አይደርስም። ከመቼ ጀምሮ ሲያፈስ እንደቆየ የሚያውቅ የለም። አራስ ቤት ነውና በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተወትፏል፣ የግድግዳው ሽንቁር ሁሉ በጨርቅ ተደፍኗል። ጥጃው እዚያው ስለሚታሰር ሽታውን የለየ ሰው አልነበረም። ጋዙ ቀላል ነውና የሚጠራቀመው ከማዳበሪያ ከረጢት ከተሰፋው ኮርኒስ ሥር ነው።

በሩን ገፍቶ ገባ፤ በሩም ከኋላው ተመልሶ ተዘጋ። የያምሮት አማት እመት ሠርክአዲስ ጧፍ ለኩሰው፣ በርጩማ ላይ ወጥተው፣ ኮርኒሱ ሥር ወደተሰቀለው የእመቤታችን ሥዕል እጃቸውን እየዘረጉ ነበር። ያምሮት ከሥራቸው ተኝታ ሕፃኑን ታጠባለች።

ባዬ ሊጮህ ፈለገ፤ ደንግጠው እጃቸውን ወደ ላይ ቢያደርጉትስ ብሎ ፈራ።

«እመት ሠርክአዲስ፣ ስለ እመቤታችን ብለው ጧፉን ወደ ታች ያቀብሉኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ግራ ገብቷቸው ዞረው አዩት። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ። ባዬ በዕድሜው እንደዚያች ቅጽበት ፈርቶ አያውቅም። በመጨረሻ ዝቅ አደረጉለት፤ ነበልባሉን በመዳፉ ጨብጦ አጠፋው። ማቃጠሉ እንኳ አልተሰማውም።

ነገሩን ሲነግራቸው እሳቸውም ደነገጡ። ሆኖም በሩን ሊከፍተው ሲሄድ ከፊቱ ቆሙ። ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል፣ አራስ ላይ ግን በር አይከፈትም አሉ።

«ታንጉትን የገደላት ምን እንደሆነ ረሱት?» አሉት።

ታንጉት የባዬ ሚስት ነበረች። ያምሮትን በወለደች ሰሞን በር ተከፍቶባት ነፋስ መታት ተባለ፤ አተኮሳትና ሞተች። ባዬም የዚያው አገር ሰው ነው፤ ነፋስ እንደገደላት ያምናል። ያምሮትን ተሸክሞ እንዳያወጣት ብዙ ደም ፈስሷት ቀና ማለት አልቻለችም። መለኪያዋን በዱላ ወደ ኮርኒሱ አነሣት፤ ጩኸቷ ባሰ። ማድ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጠዋት የተዳፈነ ፍም አለ።

እመት ሠርክአዲስን በትሕትና ገለል አድርጎ በሩን ከፈተው። መስኮቱ ላይ የተወተፉትን ጨርቆች ነቃቀለ። የጥቅምት ነፋስ እየተግተለተለ ገባ። ጋቢውን አውልቆ ልጁንና ሕፃኑን አለበሳቸው። በሩ በነፋሱ ተገፍቶ ሊዘጋ ሲል ተመልሶ በትከሻው ደገፈው።

«አባዬ፣ በሩን ይዝጉት፤ በረደኝ» አለች ያምሮት።

መለኪያዋን አየ። ቁጥሩ መውረድ ጀምሯል እንጂ ገና ብዙ ይቀረዋል። ታንጉትም በረደኝ ብላው ነበር።

«ትንሽ ታገሺኝ ልጄ» አላት፤ እያለቀሰም በሩን እንደተከፈተ አጥብቆ ያዘው።