ውኃው ወደ በሩ ሄደ

አንዴ የሚባለውን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቤታችን ውስጥ የሠራው ከሦስት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ስንት ልጆች እንዳሉት አልጠየቅሁትም። ምሳውን ሲበላ ጀርባውን ስለሚሰጠን ምን እንደሚወድ እንኳ አላየሁም። እናቱ ያወጣችለትን ስም አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር፤ እሱንም ረሳሁት። ስለ እሱ ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት ያንሳል፤ ጉልበቶቹ ግን ከእኔ ይበልጥ አርጅተዋል። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ በገመድ ጉልበቱ ላይ ያስራል፤ ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል። “አንዴ” ብለው የሰየሙት አብረውት የሚሠሩ ግንበኞች ናቸው። ማንኛውንም ነገር አንዴ ብቻ ይናገራል፤ ያውም አቀርቅሮ፣ በቀስታ፣ አንተ በስልክ በምታወራበት ሰዓት። ከሰማህ ሰማህ። ካልሰማህ እንዳልከው ይሠራልሃል።

የጠራነው ለአባባ ነበር። አባባ ወድቆ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኛ ወር አልፎታል፤ ቅዳሜ ይወጣል ተባልን። መታጠቢያ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፣ አባባ ደግሞ ከእንግዲህ ደረጃ አይወጣም። ስለዚህ እኔና ታላቅ እህቴ ምድር ቤት፣ ከመኝታው አጠገብ ያለችውን ዕቃ ቤት መታጠቢያ ልናደርጋት ወሰንን። አባባ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው። “ሰው ደግፎኝ የምገባበት ቤት እንዳትሠሩልኝ። ብቻዬን ልግባ።”

አንዴ በመጀመሪያው ቀን በሩን ገፋ አደረገና፣ “ወደ ውጭ ይከፈት” አለ።

“ለምን? ሁሉም በር ወደ ውስጥ አይደል የሚከፈተው?” አለች እህቴ።

“አባታችሁ ውስጥ ቢወድቁ በሩን በሰውነታቸው ይዘጉታል። እናንተ ውጭ ቆማችሁ ትጮኻላችሁ።”

ያን ቀን በስልክ የሚያወራ ሰው ስላልነበረ ሰማነው። አናጢ ጠርተን በሩን አስገለበጥን። የበሩንም ደፍ አስነሳ፤ አባባ እግሩን አንስቶ መሻገር ስለማይችል ወለሉ ከመኝታ ቤቱ ጋር እኩል ሆነ። ቀጥሎ ሲሚንቶውን ወደ መውረጃው ቀዳዳ ዘቅዘቅ አድርጎ ለሰነው፤ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲም። ሲጨርስ አንድ ባልዲ ውኃ ደፋበት። ውኃው ተንደርድሮ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። “ሴራሚክ ሳይነጠፍ ነው ውኃ የሚደፋው” አለኝ። ይህን ምክር ቤት ለምታድሱ ሁሉ አስተላልፋለሁ፤ እኔ ግን አልተጠቀምኩበትም።

ማክሰኞ እህቴ ሴራሚኩን አስጭና መጣች። ስድሳ በስድሳ፣ ፊት የሚያሳይ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ለአባባ ያላትን ፍቅር ሁሉ በዚያ ሴራሚክ ልትገልጽ የፈለገች ይመስላል። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ከሆስፒታል ነበር። አንዴ አንዱን ካርቶን ከፈተ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ አቀረቀረ።

“ይሄ ለሳሎን ነው” አለ። “እዚህ ትንንሹና ሻካራው ነው የሚሆነው። ትልቁ ቁልቁለቱን ተከትሎ አይተኛም።”

የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እህቴ ስልኩን ዘግታ ስትዞር፣ “ያምራል አይደል?” አለችኝ። ፊቷን አየሁ። ስንት ሱቅ እንደዞረች፣ ጫኞቹም እንደሄዱ አሰብኩ። “ያምራል” አልኩ። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ሲሚንቶውን ማቡካት ጀመረ።

ሐሙስ ማታ አለቀ። ትልልቁን ሴራሚክ ለማስተኛት ሲል ቁልቁለቱን በሲሚንቶ ሞልቶት እንደነበር እኔ አላስተዋልኩም። እህቴ ፎቶ አንስታ ለዘመድ ሁሉ ላከች። አንዴ መሣሪያውን ሊወስድ ዓርብ ጠዋት ሲመጣ፣ እኔ የቀረውን የሲሚንቶ አቧራ ላጥብ ብዬ አንድ ባልዲ ውኃ ደፋሁ።

ውኃው መውረጃውን ዞር ብሎም አላየው። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ደፍ የለም፤ የሚከለክለው የለም። መኝታ ቤት ገብቶ አባባ አልጋ ሥር ተኛ። ውኃውን ላቆም ስሮጥ አዳልጦኝ የእጅ መታጠቢያውን ይዤ ተረፍኩ።

እህቴ ከላይ ወረደች። “ምንድን ነው ይሄ?”

“ውኃ ነው” አለ አንዴ። ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው።

“ውኃ መሆኑንማ አየሁ! መውረጃው እዚያ፣ ውኃው እዚህ?”

“መውረጃው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፣ እትዬ።”

“ደግሞ ትቀልድብኛለህ! ነገ እኮ ነው የሚመጣው! ለምን አልነገርከኝም?”

“ተናግሬያለሁ።”

“መቼ? ለማን? ለግድግዳው?”

አንዴ ወደ እኔ አላየም። ወለሉን ነበር የሚያየው። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

“እኔ ሰምቻለሁ” አልኩ።

እህቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን፣ ቀጥሎ ደግሞ እኔን አየች። “ጉድ ነው! አንዱ አንዴ ተናግሮ ይቀመጣል፣ ሌላው ጭራሽ አይናገርም! አንድ አፍ እንኳ ለሁለት አጣችሁ?” አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አንዴ ቦርሳውን አወረደ። ስፖንጁን ጉልበቱ ላይ አሰረ፣ መሮና መዶሻ አወጣ፣ ከበሩ በኩል ሴራሚኩን ማንሳት ጀመረ። ትልልቁ ሴራሚክ አንዱም በደህና አልተነሳም። ስብርባሪውን በጆንያ አወጣሁ።

ቅዳሜ አባባን ሁለት ሰው ይዞት ገባ። ክፍሉ አቧራ በአቧራ ነው። አልጋውን ከበሩ አርቀን መጋረጃ ጋረድንለት፣ ፖፖና ገንዳ አቀረብንለት። እኔ ነኝ የምደግፈው። ስደግፈው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። “ብቻዬን አላልኳችሁም?” አለ በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ በኋላ ያንንም ተወው፤ እንዳይቸገር ብሎ ውኃ መጠጣት እየቀነሰ መሆኑን ያወቅሁት እሑድ ማታ ነው። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አንዴ እንደገና ዘቅዘቅ አድርጎ የለሰነው አዲሱ ሲሚንቶ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቅን። ሰኞ አንዴ ባልዲውን ለእህቴ ሰጣት። “እርስዎ ይድፉት” አላት። ደፋች። ውኃው ወደ ቀዳዳው ሄደ። ሌላ ባልዲ ሞልታ ደግማ ደፋች። ከዚያ ትንንሹና ሻካራው ተነጠፈ፤ ቀለሙ ደብዛዛ ነው፣ ፎቶም የላከ የለም። አንዴ ሳይደርቅ እንዳይረገጥ ብሎ በሩ ላይ ወንበር ገተረበት።

ዓርብ አባባ ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ገባ። እኔና እህቴ ውጭ ቆመን ጆሯችንን ሰጠን። ውኃው ሲከፈት ሰማን፣ ሲዘጋም ሰማን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወጣ ፀጉሩ ረጥቧል።

“አንድ ሳምንት አሰቃያችሁኝ” አለና ወደ አልጋው ሄደ።

አንዴ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። እስከ ውጭው በር ሸኘሁት። ሳምንቱን ሙሉ ስፈራው የነበረውን ጥያቄ እዚያ ጠየቅሁት።

“ያን ጠዋት ውኃውን እኔ ባልደፋው፣ ትነግረን ነበር?”

መዶሻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ዚፑን ዘጋ።

“እሱን ተወው፣ ጋሼ” አለና ወጣ።